ኖዝል፦ አንድ ስም ለሦስት ዕቃ

፩. ነገሩ የተነሣበት

የአንድ ዕቃ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ ዕቃው ሲለወጥ ግን ስሙ ሁልጊዜ አብሮ አይለወጥም። አሮጌው ስም በአዲሱ ዕቃ ላይ ሲጸና፣ ከስሙ ጋር የኖረው የአሠራር ልማድም ሳይጠራ ይከተላል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን መሻገር በአንድ የመኪና ዕቃ ስም ታሪክ ለማሳየት ይሞክራል። ቃሉ «ኖዝል» ነው፤ ቦታውም ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች፣ በተለይም ሰቃ ናት።

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሰቃን ያገኛል። ከተማይቱ የሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ኑሮዋ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ የቡና ለቀማ ወራት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚያ ከሚገኝ አነስተኛ የመኪና ጥገና ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ለጥገና የቀረበችው መኪና የአንድ መምህር ቤተሰብ የሚገለገልባት ቪትስ ናት። ቆማ ስትሠራ ሞተሯ ይንቀጠቀጣል፤ ቤንዚንም ከወትሮው አብዝታ ትጠጣለች። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሞተር ላይ የፈጁት ዋና መካኒክ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው ካዳመጡ በኋላ፣ «ኖዝል ነው፤ ተራ በተራ አላላና ልስማው» ሲሉ ረዳታቸውን አዘዙ። ወጣቱ ግን ቁልፍ አላነሣም። «ጋሼ፣ ይሄኛው አይላላም እኮ፤ ሶኬቱ ነው የሚነቀለው» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ታዲያ ለምን ኖዝል ትሉታላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው የቃላት ባለሙያን የሚመለከት ጥያቄ ነው። ረዳቱ በጊዜው ባይናገር ኖሮ፣ ለናፍታ ሞተር ትክክል የነበረው ትእዛዝ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ባስረጨ ነበር። ስለሆነም መልሱን ለማግኘት ቃሉ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

፪. ከባቡር ወደ መኪና፣ ከበቅሎ ወደ ጭነት መኪና

በአገራችን በሞተር የሚንቀሳቀስ ነገር መጀመሪያ የተጠራው «ባቡር» በሚለው ስም እንደ ነበረ ይታወቃል። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ በኩል ያለፈ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአርመኑ ነጋዴ የሰርኪስ ቴርዚያን የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ፤ የእህል ወፍጮ ሞተርም እንዲሁ ባቡር ተብሎ ተጠራ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲድሊ የተባለችውን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ካስገባ በኋላ ግን በመንገድ የሚሄደው ቀስ በቀስ ከሐዲዱ ተለይቶ «መኪና» የሚለውን ስም ያዘ። መኪናም ቢሆን ቀድሞ የማናቸውም መሣሪያ ስም ነበር፤ «የስፌት መኪና» የሚለው አጠራር ይህን እስከ ዛሬ ይመሰክራል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰፊው ስም እየጠበበ ለአንድ ዕቃ መለየቱ፣ ጠባቡም እየሰፋ ብዙ ዕቃ መሸፈኑ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ነው።

የሞተር ክፍሎች ስም በብዛት የገባው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ጦር ፊያት 634 እና ላንቺያ ሮ የመሳሰሉ የናፍታ ጭነት መኪናዎችን ይዞ መጣ፤ ጅማንም የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ ከአዲስ አበባ ጋር በመኪና መንገድ አገናኛት። ቀድሞ ከሂርማታ ገበያ በበቅሎ ቅፍለት ይጓዝ የነበረው ቡና ከዚያ ወዲህ በጭነት መኪና መጫን ጀመረ። ወራሪው ሲወጣ መኪናውና መንገዱ ቀሩ፤ ቃላቱም ቀሩ። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ናፍታ፣ ፖምፓ የመሳሰሉት ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ለብዙ ዘመን በቡና መንገድ የሠራው የፊያት ጭነት መኪና ራሱ «ኤንትሬ» ተብሎ ሲጠራ፣ ስሙ የሞዴሉ ፊደልና የሦስት ቁጥር የጣሊያንኛ አነጋገር ነው።

፫. ፖምፓና ኖዝል

በዚህ ረድፍ ውስጥ አንድ ቃል ከጎረቤቶቹ ይለያል። ናፍታውን ገፍቶ የሚልከው ዕቃ በጣሊያንኛ ስሙ «ፖምፓ» ተብሎ ሲጸና፣ ከፖምፓው ተቀብሎ የሚረጨው ዕቃ ግን በጣሊያንኛ ስሙ በ«ኢኒየቶሬ» አልጸናም። ዛሬ በጥገና ቤቶች ሰሌዳ ላይ የምናነበው «ፖምፓና ኖዝል» የሚል ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ጣሊያንኛ፣ ሁለተኛው እንግሊዝኛ ነው። ከወረራው በኋላ የቴክኒክ ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱና የመለዋወጫ መጻሕፍትም በዚያው ቋንቋ መምጣታቸው ለዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በጅማም በ1945 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካውያን ርዳታ የተቋቋመው የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ትምህርቱን ይሰጥ የነበረው በእንግሊዝኛ ነው።

ቃሉ ሲወሰድ ሌላም ለውጥ ደርሶበታል። በእንግሊዝኛ «ኖዝል» ማለት ትንሽ አፍንጫ ማለት ሲሆን፣ የሚያመለክተውም የዕቃውን ጫፍ ብቻ፣ ቀዳዳ ያለበትን ክፍል ነው። ሙሉው ዕቃ ሌላ ስም አለው። በእኛ ጥገና ቤቶች ግን የጫፉ ስም ለሙሉው ዕቃ ተሰጠ። ስለዚህም ዕቃ የሚገዛ ሰው «ሙሉውን ነው ወይስ ጫፉን?» ተብሎ ሲጠየቅ መስማት የተለመደ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ማስታወስ ለቀጣዩ ክርክር ይጠቅማል። የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በፒስተን ታምቆ እጅግ ከጋለ በኋላ ናፍታው በጭጋግ መልክ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 ለፍሬ ያበቃው ሞተር ናፍታውን የሚረጨው በታመቀ አየር ኃይል ነበር። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 የግፊት ፖምፓን በብዛት ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን ትልቁ የአየር መጭመቂያ ቀርቶ ሞተሩ ለጭነት መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ በመርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ አማካይነት ለቤት አውቶሞቢል የሚመች ሆነ። በዚህ ዓይነቱ ሞተር ፖምፓው የሚልከው ናፍታ ግፊቱ ከ100 ባር በላይ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 200 ባርና ከዚያም በላይ ሲደርስ፣ በኖዝሉ ውስጥ ያለውን መርፌ ከስፕሪንጉ ኃይል በላይ ገፍቶ ያነሣዋል፤ ናፍታውም ይረጫል። ኖዝሉ የሚከፈተው በናፍታው በራሱ ግፊት ነው፤ ሽቦም ኤሌክትሪክም የለበትም።

የሽማግሌው መካኒክ ትእዛዝ የተወለደው ከዚህ አሠራር ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከፖምፓው ወደ አንዱ ኖዝል የሚሄደው ቧንቧ ዳዶ ጥቂት ሲላላ የዚያ ሲሊንደር ናፍታ በውጭ ይንጠባጠባል፣ ሲሊንደሩም ሥራ ያቆማል። ሲሊንደሩ ደኅና ከነበረ የሞተሩ ድምፅ ይሰበራል፤ ድምፁ ካልተለወጠ ግን ሲሊንደሩ ቀድሞም አልሠራም ነበር ማለት ነውና ሕመሙ እዚያ ተገኘ። «አላላና ልስማው» የሚለው አነጋገር እንግዲህ የዘፈቀደ ልማድ ሳይሆን በሁለት ቃል የታጠረ ሙሉ የምርመራ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በጭነት መኪናም፣ በወፍጮ ሞተርም፣ የቡና መፈልፈያ በሚያዞር የናፍታ ሞተርም ላይ ይሠራል። ያም ሆኖ ዘዴው ያለ ጥንቃቄ አልኖረም፤ ከኖዝል የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ስለሚገባ በነቃ መካኒክ ዘንድ እጅን ከኖዝል ፊት ማድረግ የተከለከለ ነው።

፬. የቤተሰብ መኪናና የቤንዚን ኖዝል

በቡና ከተሞች የቤተሰብ መኪና የሚባለው ለብዙ ዘመን ከኖዝል ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ቮልስ ዋገኑም፣ ሴቼንቶ የተባለችው ፊያት 600ም፣ በኋላ የበዛው ኮሮላ ዲኤክስም ቤንዚናቸውን የሚያገኙት በካርቡራተር ነው። በካርቡራተር ውስጥ የሚያልፈው አየር ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ይበትነዋል። ሲደፈን ተፈትቶ በቤንዚን ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል፤ አንዳንዱም በቀጭን ሽቦ ይወጋዋል። ስለዚህ በአንድ ጥገና ቤት ውስጥ «ካርቡራተር» ሲባል ቤንዚን፣ «ኖዝል» ሲባል ናፍታ መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይታወቅ ነበር።

ይህን ድንበር ያፈረሰው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ቦሽ «ዲ ጄትሮኒክ» የተባለውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስ ዋገን 1600 ላይ አዋለ፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ካርቡራተር ከአዲስ መኪናዎች ላይ እየጠፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ለገበያ የቀረበችውና ኋላ በአገራችን የቤተሰብ መኪና ለመሆን የበቃችው ቪትስ ካርቡራተር የላትም። በካርቡራተሩ ፋንታ በእያንዳንዱ ሲሊንደር መግቢያ ላይ ቤንዚን የሚረጭ ትንሽ ዕቃ አለ። መካኒኮቻችን ይህን ዕቃ ባዩ ጊዜ የሚረጭ ስለሆነ ከሚያውቁት የሚረጭ ዕቃ ጋር አዛምደው ኖዝል አሉት። ስያሜው በሥራው ትክክል ነው፤ በአሠራሩ ግን ዕቃው ፈጽሞ ሌላ ነው።

የቤንዚኑ ኖዝል የሚከፈተው በነዳጁ ግፊት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት ይሆንና መርፌውን ለጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ያህል ያነሣል፤ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው የመኪናው ኮምፒዩተር ነው። የቤንዚኑ ግፊት 3 ባር ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ መሆኑ ግን አደጋውን አያስቀረውም፤ የአደጋውን ዓይነት ይለውጠዋል እንጂ። ናፍታ ሲፈስ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ቤንዚን ግን በጋለ የጭስ ማውጫ ላይ ቢረጭ ወዲያው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ቢሆን በቧንቧው ውስጥ የታመቀ ቤንዚን ይቀራል።

ስለሆነም ጥገናው የራሱ ሥርዓት አለው። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ኖዝልን ከመውቀስ በፊት ካንዴላው፣ የአየር ማጣሪያውና የቤንዚን ማጣሪያው ይታያሉ፤ በእነርሱ ምክንያትም ሞተር ይንቀጠቀጣልና። ወደ ኖዝሎቹ ሲታለፍ የሚላላ ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ሶኬታቸው ተራ በተራ ይነቀላል፤ ሲነቀል የሞተሩን ድምፅ የማይለውጠው ተጠርጣሪ ነው። የረዥም ካቻቢቴ ጫፍ በኖዝሉ ላይ፣ እጀታው በጆሮ ላይ ሲደረግ የመርፌው ቶሎ ቶሎ የመምታት ድምፅ ይሰማል፤ ካልተሰማ ወይ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም፣ ወይ መርፌው ተጣብቋል። የጥቅሉ የኤሌክትሪክ መቋቋም በብዙዎቹ ዘንድ ከ12 እስከ 16 ኦም ነው። ለማውጣት ሲፈለግ አስቀድሞ የቤንዚን ፖምፓው ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ እንዲሠራ ይደረጋል፤ ግፊቱ የሚበርደው በዚህ መንገድ ነው። የወጣው ኖዝል በሽቦ አይወጋም፤ ቀዳዳው በልክ የተሠራ በመሆኑ አንድ ጭረት የርጭቱን መልክ ያበላሸዋል። የሚጸዳው ኖዝሉን እየከፈተና እየዘጋ በድምፅ ሞገድ በሚያጥብ መሣሪያ ሲሆን፣ ሲመለስ የላስቲክ ቀለበቶቹ በአዲስ ይተካሉ።

ከሁሉም በፊት ግን ኖዝልን የሚጠብቀው የቤንዚኑ ንጽሕና ነው። ማደያ በሚርቅበት ወይም ሰልፍ በሚበዛበት ጊዜ ከጄሪካን የሚቀዳ ቤንዚን ውኃና ደለል ይዞ ይገባል፤ ሰልባትዮ እስኪደርቅ መንዳትም ከሥር የተኛውን ደለል ያስነሣል። ማጣሪያን በወቅቱ መለወጥ ኖዝል ከማሳጠብ ይቀድማል፣ ወጪውም ያንሳል።

፭. ሦስተኛው ዕቃ

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአልፋ ሮሜዎ 156 ላይ ለገበያ የቀረበው አዲስ የናፍታ ሥርዓት ሁለቱን ዕቃዎች በአንድ አካል አጣመራቸው። በዚህ ሥርዓት ፖምፓው ናፍታውን ለሁሉም ሲሊንደሮች ወደሚያገለግል አንድ ወፍራም ቧንቧ ይሰበስባል፤ ከዚያ የሚረጩት ዕቃዎች እንደ ቤንዚኑ በኤሌክትሪክ ይከፈታሉ፣ እንደ አሮጌው ናፍታ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫሉ። ግፊቱ ግን ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ በኋላ በተሠሩት 2,000 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህም ዕቃ በጥገና ቤት ስሙ ኖዝል ነው።

«አላላና ልስማው» የሚለው ትእዛዝ ለዚህ ዕቃ የሞት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። በዚህ ግፊት ከላላ ዳዶ የሚፈተለክ ናፍታ እጅን በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ በመጀመሪያ የመርፌ ጫፍ ቢመስልም ካልተቀደደና ካልጸዳ ጣትን፣ እጅንም ሊያስቆርጥ የሚችል ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከዚህ ሥርዓት ምንም አይላላም። ሕመሙ የሚታወቀው በመመርመሪያ ኮምፒዩተርና ከየኖዝሉ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ናፍታ በመለካት ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች አዲስ ዕቃ ሲገባም በላዩ የተጻፈው የልክ ቁጥር ለመኪናው ኮምፒዩተር መመዝገብ አለበት።

፮. ለቃሉ የሚበጀው

ብሔራዊ የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተመሠረተ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ የሙያ ቃላትን ማደራጀት ከተግባሮቹ አንዱ ነበር፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም በ1989 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። ይሁን እንጂ በየጊዜው የሚሰማው ክርክር «የውጭው ቃል ይቅር ወይስ ይቆይ?» የሚል ነው። የኖዝል ታሪክ የሚያሳየው ግን ጥያቄው ከዚህ የተለየ መሆኑን ነው። የቃሉ ጉድለት የውጭ መሆኑ ሳይሆን ሦስቱን ዕቃ አለመለየቱ ነው። ለሦስቱ ዕቃዎች አንድ ንጹሕ የአማርኛ ቃል ብንተካ የሰቃው አደጋ እንደ ነበረ ይቆያል።

ለተርጓሚዎች የሚቀርቡት አማራጮች በዚህ መለኪያ ቢመዘኑ መልካም ነው። «አፍንጫ» የሚለው የቃል በቃል ትርጉም ነው፤ ግን ጫፉን እንጂ ሙሉውን ዕቃ አያሳይም፣ በአማርኛም አፍንጫ ማሽተትንና መተንፈስን እንጂ መርጨትን አያስታውስም። ከሕክምና የተወሰደው «የነዳጅ መርፌ» ደግሞ በዕቃው ውስጥ ካለው እውነተኛ መርፌ ጋር ይደባለቃል። «ነዳጅ መርጫ» የሚለው ከሁለቱ ይሻላል። ረጨ ከሚለው ግሥ የመሣሪያ ስም ሆኖ የወጣ ነው፤ የቡና ገበሬም የፀረ ተባይ መርጫን ስለሚያውቅ ሥራውን ሲሰማ ይገባዋል። «ነዳጅ» የሚለውም ቢሆን ነደደ ከሚለው ግሥ በዚሁ መንገድ የወጣና የለመደ ቃል ነው።

ስለሆነም የሚከተለው ለውይይት ይቀርባል።

ሀ/ «ነዳጅ መርጫ» የሙሉው ዕቃ ጠቅላላ ስም ይሁን፤ «ኖዝል» በመዝገበ ቃላት ውስጥ ለጫፉ ይወሰን፣ በጥገና ቤት ንግግር ለሙሉው ዕቃ ማገልገሉም በመግለጫ ይመዝገብ።

ለ/ ከጠቅላላው ስም በታች ሦስቱ ዕቃዎች በየራሳቸው መግቢያ ይለዩ፦ «የፖምፓ መርጫ» በናፍታው ግፊት ለሚከፈተው፣ «የቤንዚን መርጫ» በኤሌክትሪክ ለሚከፈተው ዝቅተኛ ግፊት፣ «የጋራ ቧንቧ መርጫ» በኤሌክትሪክ ለሚከፈተው ከፍተኛ ግፊት። መካኒኩ «የፖምፓ ኖዝል፣ የቤንዚን ኖዝል፣ የጋራ ቧንቧ ኖዝል» ቢል ልዩነቱ እስከ ተጠበቀ ድረስ ጉዳት የለውም።

ሐ/ ስሙ ብቻ ሳይሆን ግሡም ይወሰን። በአማርኛ «መፍታት» ማላላትንም፣ ነቅሎ ማውጣትንም፣ መበታተንንም ይሸፍናል። የጥገና መመሪያ ተርጓሚ «ኖዝሉን ፍታ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ከሦስቱ የቱን እንደሚያደርግ አያውቅም። ለፖምፓ መርጫ «የቧንቧውን ዳዶ አላላ»፣ ለቤንዚን መርጫ «ሶኬቱን ንቀል»፣ ለጋራ ቧንቧ መርጫ «ሞተሩ ሲሠራ አታላላ» ተብሎ በየስሙ መጻፍ አለበት።

አንድ ነገር ሊታከል ይገባል። በሰቃና በጅማ ጥገና ቤቶች ሥራው የሚነገረው በአብዛኛው በኦሮምኛ ነው፤ ኖዝልና ፖምፓ ግን በዚያም እነዚያው ናቸው። ኦሮምኛ ነዳጅን «ቦባኣ» ሲል ከመንደድ ግሥ አውጥቶታል፤ ይህም አማርኛው የሄደበት መንገድ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ የውጭ ቃል ተዋሰው በአንድ ጥገና ቤት እስከ ተጠቀሙበት ድረስ፣ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የሚደረግ ልዩነት በሌላው ቋንቋ በሚሰጥ ትእዛዝ ይፈርሳል። የሁለቱ ቋንቋዎች የቃላት ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ አብረው ቢቀመጡ ይመረጣል።

«መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ ስለ ነዳጅ መርጫ መድከም ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። አዲስ በማይገባበት ጊዜ ያለው ይቆያል፣ የቆየውም ከቀድሞው ይልቅ ጥገና ይሻል። ፖምፓ ያለው አሮጌ ጭነት መኪና፣ የመምህሩ ቪትስና አዲሱ የናፍታ ፒካፕ ገና ለብዙ ዓመታት በአንድ ደጃፍ ይሰለፋሉ።

የዚያን ዕለት የቪትሷ ሶኬቶች ተራ በተራ ተነቀሉ፤ ድምፁን ያልለወጠው ሦስተኛው ሆነ። ሽማግሌው ራሳቸው ካቻቢቴ አንሥተው በጆሯቸው አረጋገጡ። ማዳመጡ ሳይለወጥ ማላላቱ ብቻ ቀረ። ያቀረቡት ጥያቄ ግን አሁንም የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን መልስ ይጠብቃል።